በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አነባበብ

«ቀረጸ» ከግእዝ የወረስነው ግሥ ሲሆን፣ በስለት ፍቆ ወይም ፈልፍሎ ምስልን ወይም ፊደልን ማውጣት ማለት ነው። «ቅርጽ» የተገኘው ከዚሁ ሥር ነው፤ እርሳስ መቅረጫውም ድምፅ ቀረጻውም የዚሁ ግሥ ቤተሰቦች ናቸው። አንባቢ ይህን ትርጉም ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ በጉድጓዱ ውስጥ የተቀባው ቀለም በጊዜ ብዛት ይለቃልና፣ አሮጌ ቅርጽ የሚነበበው በጥላ ነው።

በጅማ ዝናቡ ብዙ ወራት ስለሚቆይ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ያሉ አሮጌ የመቃብር ድንጋዮችን የድንጋይ ሽበት ያለብሳቸዋል። አስቀድመው ከቤተሰቡ ወይም ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ይጠይቁ። ከዚያም በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ቀስ ብለው ያጽዱ። የሽቦ ብሩሽና በረኪና የፊደሉን ጠርዝ ስለሚበሉ ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም፤ አልለቅ ያለውን ሽበት መተው ይሻላል።

መሬት ላይ የተነጠፈ ድንጋይ በማለዳ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል በግልጽ ይነበባል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ የቆመ ድንጋይ ግን የሚነበበው ወደ 6 ሰዓት ገደማ፣ ብርሃኑ ገጹን ታክኮ ሲወርድ ነው። በደመናማ ቀን የስልክ መብራትን ከድንጋዩ ጎን አስጠግቶ መያዝ በቂ ነው፤ ከፊት ለፊት የበራ መብራት ጥላውን ያጠፋዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። የግእዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የአክሱም ጽሑፎች ላይም ይገኛሉ፤ ዜሮ የላቸውም። ስለዚህ ፲፱፻፳፮ን ሲያነቡ ፲ና ፱ ተደምረው 19 ይሆናሉ፤ ይህም በ፻ ተባዝቶ 1900፣ ፳ና ፮ ሲጨመሩበት 1926 ዓ.ም. ይሆናል። ፮ና ፯ ሲያረጁ ስለሚመሳሰሉ፣ መብራቱን ከግራም ከቀኝም እያደረጉ ይመልከቱ፤ የሟቹ ዕድሜ ከተጻፈም ከልደትና ከዕረፍት ዓመቱ ጋር ያመሳክሩ።

ሲገለብጡ መሥመሩን እንደ ድንጋዩ ይጠብቁ፤ ቀራጹ በ«ሐ» ፈንታ «ሀ» ቢያኖር እንኳ አያርሙት፣ ምክንያቱም አጻጻፉ ራሱ የዘመኑና የቀራጹ ምስክር ነው። የጠፋውን ፊደል በነጥብ፣ በግምት የሞሉትን ደግሞ በቅንፍ ይለዩት፤ ፎቶግራፉንም ማስመሪያ ከጎኑ አኑረው ያንሡ።