ዲሲ ውስጥ የግቢዎን ዛፍ ከማስቆረጥዎ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በገዛ ግቢዎ የበቀለ ትልቅ ዛፍ ያለ ፈቃድ ከተቆረጠ ቅጣቱ የሚሰላው በግንዱ ዙሪያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኢንች ከ300 ዶላር አያንስም። ዙሪያው 60 ኢንች ለሆነ ዛፍ 18,000 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዛፍ ደግሞ ግዙፍ የሚባል አይደለም፤ በፔትዎርዝም ሆነ በብራይትውድ ሰፈር በየጓሮው ይታያል። ችግር ውስጥ የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን ንቆ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ተዛብቶበት ነው። መጀመሪያ ቆራጭ ይጠራል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ስለ ፈቃድ የሚሰማው ግንዱ መሬት ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ከሜትር ነው።

ሌላም ነገር አለ። የከተማ ደን ጥበቃ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን በ2016 ጠበቅ ተደርጓል። ቀድሞ ጥበቃው የሚጀምረው ከ55 ኢንች ነበር፣ አሁን ከ44 ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ዛፉን ያለ ፈቃድ ያስቆረጠ ዘመድ «ምንም አልጠየቁኝም» ቢልዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አይሠራም።

አለካኩ

የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከመሬት 4.5 ጫማ፣ ማለትም 137 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብለው ግንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ ሜትሩን በዚያ ልክ ዙሪያውን ያዙሩና ኢንቹን ያንብቡ። ሜትሩ ካጠረ ገመድ ጠምጥመው ገመዱን ይለኩ። ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ሜትሩ በማያዩት በኩል ወደ ታች መንሸራተቱ ነው፤ ዘንበል ያለ ሜትር ቁጥሩን ያበዛዋል፣ 43 የነበረው 45 ይሆንና በሌለ ኢንች ፈቃድ ያስጠይቅዎታል። ስለዚህ ሌላ ሰው ከጀርባ ይያዝልዎ። ሁለተኛው ሐረግ ነው። ግንዱን አይቪ ከሸፈነው በምልክቱ ዙሪያ ያለውን ቆርጠው ያንሱና ቅርፊቱ ላይ ይለኩ።

ሕጉ የሚያወራው ስለ ዙሪያ፣ ቆራጮች የሚያወሩት ስለ ዲያሜትር መሆኑን አይርሱ። ቆራጩ «ትንሽ ናት፣ 14 ኢንች ብቻ» ሲል ዲያሜትሯን ማለቱ ነው። 14 በ3.14 ሲባዛ 44 ኢንች ገደማ ይሆናል። ትንሽ የተባለችው ዛፍ ሕጉ የሚጀምርበት መስመር ላይ ቆማለች።

ዙሪያው ከ44 ኢንች (112 ሳንቲሜትር ገደማ) በታች የሆነና በግል መሬት ላይ ያለ ዛፍ የከተማውን የዛፍ ፈቃድ አይጠይቅም። ከ44 እስከ 99.9 ኢንች ያለው «ስፔሻል ትሪ» ይባላል፣ በፈቃድ ይቆረጣል። 100 ኢንች (254 ሳንቲሜትር) እና ከዚያ በላይ የሆነው «ሄሪቴጅ ትሪ» ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ገንዘብ ከፍሎ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። አደገኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ዝርያው በደንቡ እንዲወገዱ ከተፈቀዱት ካልሆነ፣ ወይም ከተማው ተስማምቶ ከነሥሩ ወደ ሌላ ቦታ ካልተዛወረ በቀር ዛፉ ባለበት ይቆያል።

ቤት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ከፊርማ በፊት ሊያስብበት ይገባል። ከኋላ ክፍል ለመጨመር ወይም ቤዝመንት ለማውጣት አስበው ከሆነ ግቢው ውስጥ፣ በጎረቤትም በኩል ቢሆን፣ 100 ኢንች የደረሰ ዛፍ መኖሩን ይለኩ። የዛፍ ባለሙያዎች የሥሩን ወሳኝ ክልል የሚገምቱት ለእያንዳንዱ የዲያሜትር ኢንች ከ1 እስከ 1.5 ጫማ በመያዝ ነው፤ ዲያሜትሩ 32 ኢንች የሆነ ዛፍ በየአቅጣጫው እስከ 48 ጫማ ድረስ ቁፋሮ አይወድም ማለት ነው። ይህ ከብዙ የዲሲ ጓሮ ይበልጣል። መሠረት ሲቆፈር ሥሩ ተበጥሶ ዛፉ ቢሞት ደግሞ «እኔ አልቆረጥኩም» የሚለው መልስ አያድንም። ሕጉ የሚከለክለው በመጋዝ መጣልን ብቻ አይደለም፤ ጫፉን መጨፍጨፍ፣ ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥ፣ በማናቸውም መንገድ ማጥፋት ሁሉ ተጠቅሷል።

መሬቱ የማን ነው?

በዲሲ አሮጌ ሰፈሮች ከቤትዎ ፊት ለፊት ያለው ሣር የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ከ1870 ጀምሮ በመጣ አሠራር የመንገዱ መሬት ከእግረኛ መንገዱ አልፎ ወደ ቤቱ ይዘልቃል፤ በብዙ ቦታ የይዞታዎ ወሰን የሚጀምረው ከቤቱ የፊት ግድግዳ አጠገብ ነው። ሣሩን የሚያጭዱት፣ አበባውን የሚተክሉት እርስዎ ነዎት፤ ዛፉ ግን የሕዝብ ቦታ ዛፍ ነው። እዚያ ላይ የ44 ኢንች ልኬት አይሠራም፤ ቀጭን ዛፍም ቢሆን ያለ ከተማው ፈቃድ አይነካም። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ላለው ዛፍ ወደ ከተማው የአገልግሎት መስመር 311 ይደውሉ፤ ቅርንጫፉን መከርከምም ሆነ የሞተውን ማንሳት የከተማው ሥራ ነው፣ እርስዎ አይከፍሉም። ወሰንዎን ለማየት የከተማው ፕላን መሥሪያ ቤት «ፕሮፐርቲ ኩዌስት» የሚባል ካርታ በነፃ ያሳያል። የኮምፒውተር ካርታ ጥቂት ጫማ ሊሳሳት ስለሚችል ዛፉ መስመሩ ላይ ከወደቀ ቤቱን ሲገዙ የተሰጠዎትን የልኬት ፕላን ያውጡ።

ግንዱ የጎረቤትዎን ወሰን ከነካ ዛፉ የሁለታችሁ ነው፤ የእሱ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ማመልከቻው አይሄድም። ግንዱ በጎረቤት በኩል ሆኖ ቅርንጫፉ ብቻ ወደ እርስዎ ከገባ እስከ ወሰኑ ድረስ መከርከም ይችላሉ። ወደ ግቢው መግባት ግን አይችሉም፣ ዛፉን እስኪገድል ድረስ መቁረጥም እንዲሁ።

ክፍያው

ጤነኛ የሆነ ስፔሻል ትሪ ለመቁረጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለከተማው የዛፍ ፈንድ በየኢንቹ 55 ዶላር መክፈል ነው፤ 60 ኢንች ከሆነ 3,300 ዶላር። ይህ ቆራጩ ከሚጠይቀው ለብቻ ነው። ሌላው የችግኞቹ ዙሪያ ተደምሮ ከተቆረጠው ዙሪያ የማያንስ ምትክ መትከል ነው። ወረቀት ላይ ርካሽ ይመስላል። ዲያሜትሩ 2 ኢንች የሆነ ችግኝ ዙሪያው 6.3 ኢንች ገደማ ስለሆነ ለ60 ኢንች 10 ችግኝ ያስፈልጋል። 18 ጫማ ስፋት ባለው የረድፍ ቤት ጓሮ 10 ዛፍ የት ይቆማል? ሰፊ ግቢ ከሌለ ክፍያውን ማስላት ይሻላል።

ሳይከፈልባቸው የሚቆረጡ ሦስት ዝርያዎች አሉ፦ ትሪ ኦፍ ሄቨን፣ ኖርዌይ ሜፕል እና መልቤሪ። ስፔሻል ትሪ ከሆኑ ፈቃዱ አይቀርም፣ የሚቀረው ክፍያው ነው፤ ስለዚህ ዝርያውን ለይቶ ማወቅ በቀጥታ ገንዘብ ነው። የኖርዌይ ሜፕልን ቅጠል ከእንጨቱ በጥሰው ያገናኘውን ዘንግ ጨመቅ ያድርጉት፤ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣዋል። ሹገር ሜፕል ፈሳሹ ጠራ ያለ ነው፣ እሱ ደግሞ ይከፈልበታል። መልቤሪ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሙሉ ቅጠልና የተሸነሸነ ቅጠል አብሮ ያበቅላል፣ በሰኔ አካባቢ ፍሬው እግረኛ መንገዱን ሐምራዊ ያደርገዋል። ትሪ ኦፍ ሄቨን ቅጠሉ ሲታሽ እንደ ቆየ የኦቾሎኒ ቅቤ ይሸታል። እሱን በቀጥታ ከቆረጡት ሥሩ ተቆጥቶ በየቦታው ቡቃያ ያወጣል፣ አንዱን ዛፍ አስወግደው ሃያ ያገኛሉ። የሚሠራው መንገድ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ፣ ቅጠሉ ቀለም ከመለወጡ በፊት፣ ግንዱን ፈልፍሎ ፀረ አረም መድኃኒት አስገብቶ ቢያንስ 30 ቀን መጠበቅ፣ ከዚያ መቁረጥ ነው። መድኃኒቱም ዛፉን ማጥፋት ስለሆነ ፈቃዱ ከመድኃኒቱ ይቅደም።

«አደገኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

አደገኛ መሆኑ በከተማው ባለሙያ ከተረጋገጠ በየኢንቹ ያለው ክፍያ ይነሳል። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስቸግር ዛፍና አደገኛ ዛፍ አንድ አይደሉም። ቅጠሉ ቦይ መድፈኑ፣ ሙጫው መኪና ላይ መንጠባጠቡ፣ አለርጂ፣ ሥሩ የእግረኛ ንጣፍ ማንሳቱ አደጋ አይባልም። ሥር የፍሳሽ ቧንቧ ገባ የሚለውም ብዙ አይሰማም፤ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቀድሞ በተሰነጠቀ አሮጌ የሸክላ ቧንቧ ነው፣ መጠገን ያለበት ቧንቧው ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎ «ዛፉን አስወግድ» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍም ደብዳቤው ፈቃድ አይተካም።

ባለሙያው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጉዳትና ከሥሩ ያለ ዒላማ፣ ማለትም ቤት፣ መኪና ማቆሚያ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ። የግንዱን እግር ዞረው ይዩ። እንደ መደርደሪያ የወጣ ፈንገስ ውስጡ መበስበሱን ይናገራል። በአንድ በኩል አፈሩ ተነስቶ ከተሰነጠቀና ዛፉ በቅርቡ ዘንበል ካለ ሥሩ እየለቀቀ ነው፤ ለዓመታት ዘንበል ብሎ ያደገ ዛፍ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሁለት ግንድ በጠባብ ማዕዘን ተገናኝተው መጋጠሚያው ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካለ ፎቶ ያንሱት። መሞቱን ለማወቅ ከተለያየ አቅጣጫ ቀጫጭን ቅርንጫፍ በጥፍር ይፋቁ፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው። ቅጠል በሚረግፍበት የብርድ ወቅት ሁሉም ዛፍ የሞተ ስለሚመስል የሞተ ዛፍ ማመልከቻ ቅጠል ባለበት ወቅት ቢቀርብ ይቀላል።

አይኤስኤ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር የምስክር ወረቀት ካለው አርቦሪስት (የዛፍ ባለሙያ) የጽሑፍ ሪፖርት ቢያያዝ ይረዳል። ሪፖርቱን የሚጽፈው ዛፉን የሚቆርጠው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ አደገኛ ዛፍ ለማስወገድ ከዛፍ ፈንዱ የሚሰጥ ድጋፍ ስለመኖሩ ማመልከቻውን ሲያስገቡ ይጠይቁ።

ማመልከቻው

የሚቀርበው ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የከተማ ደን ክፍል ነው፣ «ቶፕስ» በሚባለው ድረ ገጽ። ለእያንዳንዱ ዋርድ (የከተማው የምርጫ ክልል) የተመደበ ባለሙያ አለ፣ ቦታው ድረስ መጥቶ ያያል። አራት ፎቶ ያዘጋጁ፦ ዛፉ ከቤቱ ጋር ሙሉ ሆኖ፣ ሜትሩ ግንዱ ላይ ሆኖ ቁጥሩ የሚነበብበት፣ ጉዳቱ በቅርበት፣ እና ቅጠሉ። የዛፉን ቦታ በፕላኑ ላይ በኤክስ ያመልክቱ። ጓሮው በር ከተቆለፈ ወይም ውሻ ካለ በማመልከቻው ላይ ይጻፉ፤ ባለሙያው በር ላይ ቆሞ ከተመለሰ ጉዳዩ ይጓተታል። ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ ለቆራጩ ቀን አይቁረጡ፣ ቀብድም አይስጡ።

ማዕበል ዛፉን ቤት ላይ ከጣለው ቅድሚያ የሰው ደኅንነት ነው። ሳይነካካ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፣ 311 ይደውሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካ ማንም አይጠጋው፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ፔፕኮ ይጠራ።

ቆራጩን ሲመርጡ

ከማዕበል በኋላ በር አንኳኩቶ «ፈቃድ አያስፈልግም፣ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቅጣት ሲመጣ እሱ አይገኝም። የኢንሹራንስ ማስረጃውን ከእሱ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከኢንሹራንሱ ድርጅት እንዲላክልዎ ይጠይቁ፤ የንብረት ጉዳት ብቻ ሳይሆን የሠራተኞች ጉዳት ሽፋንም ይኑርበት፤ ከዛፍ የወደቀ ሠራተኛ ሽፋን ከሌለው ዓይኑን ወደ ቤቱ ባለቤት ያዞራል። ውሉ ላይ የፈቃዱ ቁጥር፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ግንዱ ይወሰድ አይወሰድ፣ ጉቶው ይፈጭ አይፈጭ ይጻፍ። ጉቶ መፍጨት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላል።

ከዲሲ ውጭ ከሆኑ

ሕጉ መንገድ ሲሻገሩ ይለወጣል። የታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ ሕግ ከዲሲው የጠበቀ ነው፤ እዚያ ፈቃድ የሚጀምረው ከ24 ኢንች ዙሪያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በካውንቲው ሥር ባለው ክፍል፣ በተራ ግቢ ውስጥ ላለ ዛፍ ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አይጠየቅም፤ መንገድ ዳር ያለው ግን በግዛቱ ሕግ የተጠበቀ ነው፣ ታሪካዊ ሰፈርም የራሱ ፈቃድ አለው። በሜሪላንድ የሚሠራ ቆራጭ ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የዛፍ ባለሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ቁጥሩን ይጠይቁ። በቨርጂኒያ በፌርፋክስና በአርሊንግተን ዋናው ጥያቄ ወንዝ ነው፤ ከጅረት በ100 ጫማ ውስጥ ያለ የጥበቃ ክልል ከሆነ ካውንቲውን ሳያስፈቅዱ አይቁረጡ። የሰፈር ማኅበር ካለ ደንቡን ማየት የግድ ነው።

ጉቶው ከመፈጨቱ ጥቂት የሥራ ቀናት በፊት 811 ይደውሉ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን በነፃ መጥተው በቀለም ያመለክታሉ። ምትክ የሚተክሉ ከሆነ የከተማውን «ሪቨርስማርት ሆምስ» ፕሮግራም ይጠይቁ፣ የጥላ ዛፍ ያስተክላል። አዲሱን ችግኝ ግን በአሮጌው ጉቶ ጉድጓድ ውስጥ አይትከሉት፤ የተፈጨው እንጨት እስኪበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይወስዳል፣ መሬቱም እየሰመጠ ችግኙን ያጋድለዋል። ጥቂት ጫማ ፈቀቅ ያድርጉት።