ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ እያላችሁ ሰዓት መጨመር ከፈለጋችሁ እንዲህ አስሉት

ባለቤቴ ሁለት አመት ሙሉ ኦቨርታይም እምቢ ሲል ነው የኖረው። ፓርኪንግ ነው የሚሰራው፣ አለቃው ቅዳሜ ግባልኝ ሲለው "አይ ሜዲኬይዱ ይቆረጥብናል" ብሎ ይመጣል (ሜዲኬይድ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ ነው)፣ ማን ነገረህ ስለው ደግሞ "ሁሉም ሰው ነው የሚለው"። አንድ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ስናሰላው በከንቱ ስንፈራ እንደነበር ገባን። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን በዚህ አካባቢ ነው የማወራው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ የገቢ ጣሪያውን የራሳችሁን እዩ።

ከፉድ ስታምፕ፣ ማለት ከመንግስት የምግብ ድጎማው፣ እንጀምር። ትንሽ ገቢ ስለጨመራችሁ ድርግም ብሎ አይጠፋም። ከደሞዛችሁ 20 ፐርሰንቱን ጭራሽ አይቆጥሩትም፣ ከቀረው ላይ ደግሞ 30 ፐርሰንት ያህል ነው ከኢቢቲው (ፉድ ስታምፑ ከሚገባበት ካርድ) የሚቀንሱት። በ100 ዶላር 24 ዶላር ማለት ነው፣ ኪራያችሁ ከባድ ሆኖ የኪራይ ቅናሽ እያሰቡላችሁ ከሆነ እስከ 36 ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ በወር 400 ዶላር ኦቨርታይም ብትሰሩ ከ96 እስከ 144 ዶላር ይቀነሳል፣ ታክሱም ይቆረጣል፣ ግን የሚተርፈው ይተርፋል። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ቅነሳው ዜሮ ሲያደርሰው ወይም ጣሪያውን ስታልፉ ነው፣ ጣሪያው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከፌደራሉ የድህነት መስመር 200 ፐርሰንት ነው፣ ከሚወራው በጣም ከፍ ይላል።

ሜዲኬይድ ለየት ይላል፣ እሱ አለህ ወይ የለህም ነው፣ ግማሽ የለውም። ለአዋቂ ጣሪያው 138 ፐርሰንት ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው የልጆች ጣሪያ ሌላ መሆኑን ነው፣ ሜሪላንድ እስከ 322 ፐርሰንት ይደርሳል፣ ስለዚህ እናትና አባት ቢወጡ እንኳን ልጆቹ ሊቆዩ ይችላሉ። በዛ ላይ ከ2024 ጃንዋሪ ጀምሮ በመላ አሜሪካ ልጅ አንዴ ከገባ የወላጅ ደሞዝ መሃል ላይ ቢጨምርም 12 ወሩን ይጨርሳል። በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጆች በሚሰጠው ሜዲኬይድ ላይ የነበራችሁ ደግሞ ደሞዝ ጨምሮ ከወጣችሁ እስከ አንድ አመት የሚያሸጋግር ሜዲኬይድ አለ፣ በስሙ ጠይቁ፣ ትራንዚሽናል ሜዲካል ይባላል፣ ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ለሌላው ሰው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ውስጥ ከማርኬትፕሌስ (በመንግስት በኩል ኢንሹራንስ ከሚሸጥበት ገበያ) መግዛት ወይም የስራ ቦታ ኢንሹራንስ መግባት ነው፣ እዚህ ላይ ወርሃዊ ክፍያውን አስቀድማችሁ አስሉት ምክንያቱም ኦቨርታይሙን የሚበላው እሱ ነው። ሌላው ገቢ ሲያልፍ ድንገት የሚቆረጠው የልጅ መዋያ ድጎማ ነው፣ እሱን ከቆጠራችሁ ብቻ ነው እውነተኛው ስሌት የሚወጣው።

"እርዳታ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል" የሚል ዘመድ ሁላችንም አለን መቼም። ለሱ የምነግረው የኦሬገንን ነው። በ2008 ኦሬገን ለሁሉም የሚበቃ ሜዲኬይድ ስላልነበራት እንደ ዲቪ በእጣ ሰጠች፣ ተመራማሪዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አወዳደሩ። የደረሳቸው ሰዎች ስራ አልተዉም፣ ዲፕሬሽን በግልጽ ቀነሰ፣ ቤት የሚያፈርስ የህክምና ወጪ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ደም ግፊትና ስኳር ላይ ግን በሁለት አመት ውስጥ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላዩም፣ እሱንም መናገር ያስፈልጋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፖስታ ክፈቱ!! ከኮቪድ በኋላ በ2023 እና 2024 ሜዲኬይድ ሲጣራ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆርጧል፣ አብዛኛው ደግሞ ገቢው ስላለፈ አይደለም፣ ወረቀት ስላልመለሰ ነው። እኛም ቤት ደርሷል፣ ቤት ቀይረን አድራሻ ሳናስተካክል ሪኒዋሉ (የማደሻው ወረቀት) አሮጌው ቤት ሄደ፣ ያወቅነው ፋርማሲ ካርዱ አልሰራም ሲሉን ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ ወረቀቱን በ90 ቀን ውስጥ መልሱ፣ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልግ እንደገና ያዩታል። "ብቁ አይደላችሁም" ካሉና ካልተስማማችሁ ደግሞ ይግባኝ በሉ፣ የሚቋረጥበት ቀን ከመድረሱ በፊት ከጠየቃችሁ እስኪወሰን ድረስ እንዲቀጥል መጠየቅ ትችላላችሁ (ከተሸነፋችሁ ሊያስከፍሏችሁ እንደሚችሉ እወቁ)። ገቢ ሲጨምርም ዝም አትበሉ፣ ፔይ ስታብ ይዛችሁ አሳውቁ፣ የላካችሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ሜዲኬይድ የሚያየው በእጃችሁ የገባውን ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ነው። ማይል ያልመዘገበ ሾፌር በወረቀት ላይ ሀብታም ይመስላል። ፉድ ስታምፕ ግን ወጪ የሚቀንስበት የራሱ አቆጣጠር ስላለው ሪሲቶቹን ለየብቻ አስቀምጡ።

ታክስ ላይ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለውን አትዝለሉት፣ ስራ ለሚሰራ ሰው ነው የሚሰጠው። ለ2025 ታክስ ሁለት ልጅ ላለው እስከ 7,152 ዶላር ይደርሳል፣ ግሪን ካርድ ከያዛችሁ ስንት አመታችሁ እንደሆነ አይጠይቅም፣ ሪፈንዱም ለፉድ ስታምፕና ለሜዲኬይድ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ሳትሞሉ የቀራችሁ ካለ እስከ 3 አመት ወደኋላ ይሞላል፣ ቪታ የሚባሉት ቦታዎች በነጻ ይሰሩላችኋል፣ ለምን መቶ ምናምን ዶላር ትከፍላላችሁ።

በዲቪ ገና የመጣችሁ፣ አዋቂ ለሜዲኬይድም ለፉድ ስታምፕም በአጠቃላይ 5 አመት ይጠብቃል። ግሪን ካርድ ያለው ከ18 አመት በታች ልጅ ግን ለፉድ ስታምፕ አይጠብቅም፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ሳያስጠብቁ ሜዲኬይድ ያስገባሉ። ዊክ የሚባለው የምግብ እርዳታ ለነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ለወለደች እናትና ከ5 አመት በታች ላለ ልጅ ነው፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቅም። "ሲቲዝንሺፕ ይከለክለኛል" የሚለው ወሬ ብዙ እናቶችን ወተት አስቀርቷል፣ ለዜግነት ፐብሊክ ቻርጅ (የመንግስት ጥገኛ ትሆናለህ ወይ) የሚባል ፈተና የለም። ግሪን ካርድ ገና የምታመለክቱ ግን መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ።

አንድ የሚመጣ ነገር አለ፣ በአብዛኛው ስቴት ከ2027 ጃንዋሪ ጀምሮ ብዙ አዋቂ ሜዲኬይድ ለመያዝ በወር 80 ሰዓት ስራ ወይም ትምህርት ማሳየት አለበት፣ 13 አመትና ከዛ በታች ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች አይነካቸውም። ፉድ ስታምፕ ላይ እንዲህ ያለ የ80 ሰዓት ህግ አሁንም አለ። አርካንሳስ በ2018 ሜዲኬይድ ላይ ስትሞክረው በጥቂት ወራት ከ18,000 በላይ ሰው ኢንሹራንሱን አጣ፣ የሰራተኛው ቁጥር ግን አልጨመረም፣ እየሰሩ ሪፖርት ማድረግ ያቃታቸውም ነበሩበት። ስለዚህ ሰዓታችሁን ከአሁኑ መመዝገብ ልመዱ፣ በተለይ ሺፍታችሁ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ። አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ዲሲ ውስጥማ ከ2004 ጀምሮ በህግ ተደንግጎ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልክ ሲያነሱላችሁ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በሉና መስመሩን ሳትዘጉ ጠብቁ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ስልኩን ቻርጅ አድርጉና ቡናችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ።