ቁሌቱን ከወጡ መለየት፦ የእራታችን ችግር የተፈታበት መንገድ

በቤታችን ሳምንቱን የምናሳልፈው በአብዛኛው በጥራጥሬና በአትክልት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በጾም ምክንያት፣ ሌላውን ቀን ስለምንወደው። ችግራችን ሰዓት ነበር። ከሥራ ተመልሶ ሽንኩርት ማቁላላት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ልጆቹ ግን ርቧቸዋል፤ ስለዚህ እንጀራው ማታ ማታ በሽሮ ብቻ ይቀርብ ጀመር። ሽሮ እወዳለሁ፤ በየምሽቱ ሲሆን ግን ማንንም ያሰለቻል።

መፍትሔው ቁሌቱን አስቀድሞ መሥራት ሆነ። ቅዳሜ በትልቅ ድስት ብዙ ሽንኩርት ያለ ዘይት በዝግታ አቁላላለሁ። ውሃው ሲመጥ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይገባል። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል ነው፤ እዚህ ላይ መቸኮል የሳምንቱን ወጥ ሁሉ ያበላሻል። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የምንበላው በረዶ ቤቱ ውስጥ ይገባል። ማታ የምስር ክክ ስጨምርበት በግማሽ ሰዓት ገደማ ወጡ ይደርሳል። በማግስቱ ድንች ወይም እንጉዳይ ይሆናል።

ሥጋ አልከለከልንም። በዓል ሲሆን ወይም እንግዳ ሲመጣ ደስ ብሎን እንበላለን። በፍስክ ቀን ደግሞ ልጆቹ እንቁላልና ወተት ያገኛሉ፤ ቫይታሚን ቢ12ን ከጥራጥሬና ከአትክልት መጠበቅ አይቻልምና። ምስሩን ከቲማቲም ሰላጣ ጋር እናቀርባለን፣ ሎሚም እንጨምቅበታለን፤ ቫይታሚን ሲ በምስሩ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ይህንኑ ስለሚቀንሱ ከእራት ጋር አይቀርቡም።