ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያቃተው ልጅ፦ ዲስሌክሲያን በክፍል ውስጥ እንዴት እንለያለን? እንዴትስ እንደግፋለን?

መንዝ ውስጥ 2ኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ ነበረኝ። ከበጎቹ መካከል የትኛው ግልገል የየትኛዋ እናት እንደሆነ አይስትም። ሀሁንም ከዳር እስከ ዳር ይወርደዋል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ሎ»ን ብቻዋን ጻፍኩና «ይቺ ማን ናት?» አልኩት። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ገበታ ላከ። እዚያ ፈልጎ አገኛት። ከዚያ ጣቶቹን ከዴስኩ ሥር ደብቆ በሹክሹክታ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ…» እያለ ሄዶ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ «ሎ!» አለ።

መልሱ ልክ ነው። ግን አላነበበም፤ ቆጠረ። ቤተሰቦቹ «ትምህርት አይገባውም» ይሉ ነበር። እኔም ለወራት ሰነፍ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ዲስሌክሲያ በዋናነት ድምፅንና ፊደልን የማገናኘት ችግር ነው። ከስንፍናም ከአእምሮ ማነስም ጋር አይገናኝም። ብዙ ጊዜ በዘር ይወረሳል። ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት አለባቸው ተብሎ ይገመታል። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 6 ልጅ ማለት ነው። አስተማሪ «ይህ ልጅ ዲስሌክሲያ አለበት» ብሎ አይፈርድም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ልጁን ቶሎ ለይቶ መደገፍ ግን የኛ ነው። ለዚህ ደግሞ የማንንም ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም።

1. መጀመሪያ ሌላ ምክንያት እንዳለ እዩ

ዓይኑ ያያል? ጆሮው ይሰማል? ትራኮማም የጆሮ መፍሰስም በአካባቢያችን ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ አድጎ አማርኛ ክፍል የገባ ልጅም ጊዜ ይፈልጋል። በሰሜን ሸዋ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ያልተማረውን አለማወቁ ዲስሌክሲያ አይደለም።

2. ፊደሉን ከተራው አውጡት

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የድሮዎቹ የኔታዎች ገብቷቸው ነበር። ሀሁ ካለቀ በኋላ ልጁን ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት በዜማ የሸመደደውን ተራ ለማፍረስ ነው፦ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ»። እናንተም ከካርቶን 20 ቁራጭ ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ። የሚመሳሰሉትን አትርሱ፦ ለ እና ሰ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ። ገበታውን ሸፍኑ። ልጁን ለብቻው፣ ጓደኞቹ በሌሉበት ጠይቁት። ስህተቱን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንም መዝግቡ። ከእኩዮቹ በጣም ወደኋላ ከቀረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። በአንድ ቀን ውጤት አትወስኑ፤ ምናልባት ያን ቀን ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሆናል።

3. በጆሮ ብቻ ሞክሩት

መጽሐፍም ጠመኔም አያስፈልግም። «ገበሬ በል። አሁን ገ-ን ተወውና ድገመው።» መልሱ «በሬ» ነው። «መሬት ያለ መ?» «ሬት»። «ገብስ፣ ገበያ፣ ዶሮ፤ አጀማመሩ የተለየው የቱ ነው?» ጨዋታ ይመስላል። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ግን እዚህ ላይ ነው።

4. ቤተሰብ አነጋግሩ

አባቱን ወይም እናቱን በአክብሮት ጥሩ። «ከእናንተ መካከል ንባብ ያስቸገረው ነበር ወይ?» በሉ። መጀመሪያ ግን የልጁን ጎበዝነት ንገሯቸው፤ በጎቹን እንዴት እንደሚለይ እነሱም ያውቁታል።

5. ድጋፉን ጀምሩ

በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ሰዓት ከመቀመጥ ይሄ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ፊደል አትለፉ። ትሪ ላይ አመድ ወይም አሸዋ በትኑ። ልጁ ድምፁን እያወጣ በጣቱ ይጻፍ።

የፊደሉን አሠራር አሳዩት። ካዕብ (ሉ፣ ቡ፣ ሱ) ጭረቱ ወገቡ ላይ ነው። ሣልስ (ሊ፣ ቢ፣ ሲ) እግሩ ላይ ነው። ኃምስ (ሌ፣ ቤ፣ ሴ) ቀለበት አለው። ይህን ያወቀ ልጅ እያንዳንዱን እንደ አዲስ አይሸመድድም። ሳድሱን (ል፣ ብ፣ ስ) በመጨረሻ አምጡት፤ ቅርጹ ወጥ ስላልሆነ ያስቸግራል። ሲያነብ መስመር እንዳይጠፋበት ካርቶን መሃሉን በስታችሁ አንድ ቃል ብቻ የሚያሳይ መስኮት ሥሩለት።

ክፍል ፊት አስነስታችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አታስገድዱት። እባካችሁ! በሳቅ የተሸማቀቀ ልጅ መጽሐፍ ይጠላል። ፈተናውን አንብቡለትና በቃል ይመልስ፤ ጊዜም ጨምሩለት። ሐሳቡ ልክ ከሆነ በ«ሀ» እና «ሐ» ነጥብ አትቁረጡበት።

ሁለት ወር ሞክራችሁ ለውጥ ካልታየ መዝገባችሁን ይዛችሁ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ጠይቁ። ሰኔ ላይ ደግሞ ያንን መዝገብ ለሚቀጥለው ክፍል አስተማሪ በእጁ ስጡት፤ ልጁ መስከረም ላይ ከ«ሰነፍ» እንዳይጀምር።