ማዳበሪያ እየጨመርን አፈሩን የምናደኸይባቸው ስህተቶች

ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በዋናነት ሰብሉን ይመግባል፤ ፍግና ኮምፖስት ደግሞ ሰብሉ የቆመበትን አፈር። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ከመጠበቅ ነው።

ሰብሉ ካማረ አፈሩም ለምቷል ማለት

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ከተጨመረ ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ይለመልማል፤ ገበሬውም መሬቱ የዳነ ይመስለዋል። ዩሪያ ግን የደረቀ አፈር አያላላም፤ ውኃ የመያዝ አቅምም አይሰጠውም። የአፈርን ቅንጣቶች አያይዞ አየርና ውኃ የሚያልፉበትን ክፍተት የሚፈጥረው፣ እንደ ካልሲየምና ፖታሽየም ያሉ ንጥረ ነገሮችም ታጥበው እንዳይሄዱ የሚይዘው ኦርጋኒክ ቁስ፣ ማለትም የበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 በእንግሊዝ፣ ሮታምስተድ በተባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ የተጀመረው የብሮድባልክ የስንዴ ሙከራ ይህን በጉልህ ያሳያል። በየዓመቱ ፍግ ሲጨመርበት የኖረው መደብ በአፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ብቻ ካገኘው መደብ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም ለረጅም ዘመን የሁለቱ ምርት ተቀራራቢ ነበር። ምርት ብቻ አይቶ በአፈሩ ላይ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሲዳማነትን በተጨማሪ ማዳበሪያ ለማከም መሞከር

ይህን ስህተት ከሁሉ የከፋ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ገንዘብም መሬትም ይበላልና። ዩሪያም ሆነ አሞኒየም ያለባቸው ማዳበሪያዎች በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት (በውኃ በቀላሉ ወደሚታጠብ የናይትሮጅን ዓይነት) ሲለወጡ አሲድ ይፈጥራሉ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ሰብሉ ሊያገኘው አይችልም። ምርቱ ሲቀንስ ማዳበሪያ ይጨመራል፤ አሲዱም ይብሳል። መፍትሔው አፈሩን አስመርምሮ በሚፈለገው መጠን ኖራ መጨመር ነው። ኖራና ዩሪያን ግን በአንድ ጊዜ አትበትኑ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ዩሪያን በአፈሩ ገጽ ላይ በትኖ መሄድ

ኖራ ባይኖርም በእርጥብና ሞቃት አፈር ላይ የተተወ ዩሪያ በከፊል ወደ አየር ይጠፋል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ማልበስ ወይም መጠነኛ ዝናብ ሲጠበቅ መጨመር ያድነዋል። ከባድ ዝናብ ግን ናይትሬቱን ከሥሩ በታች ያሰርገዋል።

ያልበሰበሰ ነገር ወደ ማሳ መውሰድ

ትኩስ ፍግ በአሞኒያውና በጨውነቱ ቡቃያ ያቃጥላል፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተህዋስያንም ይዞ ይገባል። ክምሩ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለተከታታይ ቀናት ቢሞቅና ቢገላበጥ አብዛኞቹ ይጠፋሉ።

የገለባ ጉዳት የተለየ ነው። በገለባ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን አለ፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተህዋስያን ደግሞ የሚስማማቸው 25 ገደማ ነው። የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ስለሚወስዱ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ያ ናይትሮጅን ተህዋስያኑ ሲሞቱ ቢመለስም ለቆመው ሰብል ላይደርስለት ይችላል። ገለባውን ከፍግና ከለምለም ቅጠል ጋር አብስብሶ መጨመር፣ ካልሆነም ከመዝራት ብዙ ቀደም ብሎ መቅበር ይበጃል።

ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም ማለት

የናይትሮጅንን ፍላጎት በፍግ ብቻ ለማሟላት ዓመት ከዓመት የሚጨመርበት ማሳ ፎስፈረስ ይከማችበታል። ጎርፍ ጠርጎ ወደ ሐይቅ ሲያስገባው አልጌ ይራባል፤ ውኃውም ኦክስጅን ያጣል።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ

50 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ለማግኘት 109 ኪሎ ግራም ያህል ዩሪያ ይበቃል። ናይትሮጅኑ 1 በመቶ ከሆነ ደረቅ ፍግ ግን 5,000 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ከፊሉን ብቻ ነው። የተራበ ሰብል ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ስለዚህ ኮምፖስቱን መሬት ሲዘጋጅ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ በዘር ጊዜ ከዘሩ አጠገብ፣ ሳይነካው፣ ይቀመጥ። ዩሪያውን ከፍላችሁ ገሚሱን ሰብሉ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ስጡት፤ በኮምፖስቱ የለማው አፈርም እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ሥሩ ማዳበሪያውን በተሻለ ይጠቀምበታል።