የድሮ የደም ፊልም ካማራችሁ
መጀመሪያ ራታችሁን ብሉ። ከዚያ በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፒትስበርግ ከተማ አካባቢ የተሠራውን፣ ሙታን ተነሥተው ሰው የሚበሉበትን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ክፈቱ። ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ምልክቱ ስለተዘነጋ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ወጪው 114,000 ዶላር ገደማ ነበር።

መኪናው ከተቃጠለ በኋላ ሙታኑ ሥጋ ሲግጡ ቆም አድርጉት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። የሚግጡትም በዚያው ሽሮፕ የተለወሰ የአሳማ ሥጋ ነው (እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ፍርሃቱ ቀርቶ ማቅለሽለሹ ባሰብኝ)።

ባለቀለም ከፈለጋችሁ በ1963 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ብለድ ፊስት» አለ። እዚያ የምትነቀለው ምላስ የበግ ናት። ትወናውን ግን ተዉት፤ ደሙን ብቻ እዩ።