የቅኝ አገዛዝን ዓይነት ከውሉ እንዴት መለየት ይቻላል?

የአፍሪካን የቅኝ ግዛት ታሪክ የሚያነብ ሰው ኮንሴሲዮን (ለባለሀብት የሚለቀቅ የሥራ መብት)፣ ቻርተር (መንግሥት ለኩባንያ የሚሰጠው የሥልጣን ደብዳቤ)፣ ፕሮቴክቶሬት (በሌላ መንግሥት ጥበቃ ሥር የገባ አገር) እና ተዘዋዋሪ አገዛዝ (በአገሬው ሹማምንት በኩል መግዛት) የሚሉ ስያሜዎች ይደራረቡበታል። ትርጓሜያቸውን በቃል ከማጥናት ይልቅ አንድ ውል ይዞ ማን ከማን ጋር ተዋዋለ፣ ውሉ ለማን ተገለጠ፣ ግብሩንስ ማን ሰበሰበ ብሎ መመርመር የተሻለ መንገድ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ተዋዋዮቹን ይለዩ። በዛሬዋ ዚምባብዌ የነበረው የንዴቤሌ ሕዝብ ንጉሥ ሎቤንጉላ በ1888 የተስማማበት ኮንሴሲዮን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሳይሆን ከባለሀብቱ ከሴሲል ሮድስ መልእክተኞች ጋር የተደረገ ነበር። ለንጉሡ በወር 100 ፓውንድ፣ እንዲሁም 1,000 ጠመንጃና 100,000 ጥይት ሊሰጠው፣ እሱም በግዛቱ ያለውን ማዕድን የማውጣት ብቸኛ መብት ሊለቅላቸው ተዋዋሉ። ውሉ መሬት ስለ መስጠት አይናገርም፤ ነገር ግን ማዕድኑን ለማግኘት አስፈላጊ የመሰላቸውን ሁሉ እንዲያደርጉ የሚፈቅድ ሐረግ ገብቶበታል። በአስተርጓሚነት የተገኘው ሚስዮናዊ እንደ መሰከረው ደግሞ፣ ከ10 የማይበልጡ ነጮች ብቻ እንደሚመጡ በቃል የተገባው ተስፋ ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ ሲመረምሩ በአፍ ብቻ ተነግሮ የቀረውንም ይፈልጉ። ንጉሡ ተቃውሞውን ለንግሥት ቪክቶሪያ ቢያሰማም፣ የሮድስ ኩባንያ በ1889 የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጥ ቻርተር አገኘ፤ በ1890 የታጠቀ ጓድ ወደ ጎረቤቱ አገር ወደ ማሾናላንድ አስገባ፤ በ1893 የሎቤንጉላን ከተማ ቡላዋዮን በጦርነት ያዘ።

ቀጥሎ ውሉ ለማን እንደ ተገለጠ ይጠይቁ። የአውሮፓ ኃያላን ስለ አፍሪካ የተዋዋሉበት የ1885ቱ የበርሊን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ በአፍሪካ ጠረፍ አዲስ ይዞታ የያዘ ወይም ፕሮቴክቶሬት ያቋቋመ መንግሥት ለሌሎቹ ፈራሚዎች እንዲያስታውቅ ያዛል። ኢጣሊያ በ1889 የውጫሌን ውል ተመርኩዛ ኢትዮጵያን የሚመለከት ማስታወቂያ ያሰራጨችው ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሳ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም የነገሩን ክብደት የተረዱት ከአውሮፓ ነገሥታት በደረሳቸው መልስ ነበር። ፕሮቴክቶሬት እንግዲህ ከሁሉ በፊት ተቀናቃኝ ኃያላን እጃቸውን እንዲሰበስቡ የሚነገርበት አዋጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲያ የግብሩን መንገድ ይከተሉ። በዛሬዋ ኡጋንዳ ያለው የቡጋንዳ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር በ1900 በተፈራረመው ስምምነት ካባካ የሚባለው ንጉሥ በዙፋኑ፣ ሉኪኮ የተባለውም ሸንጎ በቦታው ቆየ፤ የጊዜው ካባካ ዳውዲ ቿ ገና ሕፃን ስለ ነበር የፈረሙለት እንደራሴዎቹ ናቸው። በእያንዳንዱ ጎጆ ላይ 3 ሩፒ ግብር ተጣለ፤ ከባላገሩ የሚሰበስቡት የአገሩ ሹማምንት ሲሆኑ ገቢው ለእንግሊዝ አስተዳደር ነበር። ተዘዋዋሪ አገዛዝ በተግባር ይህን ይመስላል። በኬንያ ግን የጎጆ ግብር ሌላም ሥራ ነበረው፤ ገንዘብ በእጁ የሌለውን ገበሬ በነጭ ሰፋሪዎች እርሻ ተቀጥሮ እንዲሠራ ያስገድደው ነበር።

የስያሜ ለውጥ ሲያጋጥምዎም ከስሙ ይልቅ በተግባር የሆነውን ይመርምሩ። ኮንጎ በ1908 ከንጉሥ ሊዮፖልድ የግል ይዞታነት ወጥታ የቤልጂየም ቅኝ ግዛት ስትባል፣ በእሱ ዘመን የነበረው የግዳጅ ሥራ ስሙ በመለወጡ ብቻ አላበቃም።